ሰው የራቀበት ምድር፦ መንዝ፣ ጊሼና መርሐቤቴ ስለ ሰው አልባ ዓለም ምን ይመሰክራሉ?

አብዛኛው የሰው ልጅ በድንገት ከምድር ቢጠፋ ዓለም ምን ትሆናለች? ጥያቄው ለፊልም ሠሪዎች ብቻ የተተወ ይመስል ነበር። ላለፉት ሃያ ዓመታት ግን የሥነ ምህዳር፣ የአየር ንብረትና የታሪክ ተመራማሪዎች ከምራቸው ይዘውታል። አሜሪካዊው ጋዜጠኛ አለን ዋይዝማን እ.ኤ.አ. በ2007 አንድ ሙሉ መጽሐፍ አሳትሞበታል። በብዛት የሚሰማው መልስ ተመሳሳይ ነው፦ ከተሞች ይፈርሳሉ፣ ደን ይመለሳል፣ አራዊት ይበዛሉ፣ ምድርም እፎይ ትላለች።

ይህ መልስ እውነት አለው፤ ሙሉ ግን አይደለም። ይህ ዳሰሳ ጥያቄውን ከሩቅ ከተሞች አንሥቶ ወደ ሰሜን ሸዋ ደጋ ያመጣዋል፤ ለዚህም ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛ፣ መንዝ፣ ጊሼ፣ መርሐቤቴና አካባቢያቸው ሕዝብ በጦርነት፣ በወረርሽኝና በረሃብ ሲሳሳ፣ ተመልሶም ሲሞላ ያዩ ምድሮች ናቸው። እዚህ የሰው መጥፋት የታሪክ ትዝታ እንጂ ግምት ብቻ አይደለም። ሁለተኛ፣ መንዝ ሰው ራሱን በሕግ ከመሬቱ የሚያርቅበትን ሥርዓት አበጅቶ ለሦስት መቶ ዓመት ያህል የኖረበት አገር ነው። እንዲህ ያለው አገር ስለ ሰው አልባ ዓለም የሚለው ነገር አለው።

ሌላው ዓለም ያየው

ከሁሉ በላይ የተጠናው ምሳሌ ቼርኖቤል ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 በደረሰው የኑክሌር አደጋ ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ከቀዬው ተነሥቶ ወጣ። ከሠላሳ ዓመት ግድም በኋላ በቤላሩስ በኩል በተደረገ ቆጠራ አጋዘንና የዱር አሳማ በአካባቢው ካሉ ጥብቅ ቦታዎች ባልተናነሰ ቁጥር ተገኙ፤ ተኩላ ደግሞ ሰባት እጥፍ በዝቶ ታየ። ይህ ማለት ጨረሩ አይጎዳም ማለት አይደለም። እርሻው፣ አደኑና መንገዱ፣ ማለትም የሰው የዕለት ተዕለት ኑሮ፣ ለአራዊቱ ከጨረሩ ይልቅ ይከብድ ነበር ማለት ነው። በሁለቱ ኮሪያዎች መካከል ያለው ቀጠናም ተመሳሳይ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ ሰው የማይገባበት ይህ 4 ኪሎ ሜትር ስፋትና 250 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው መሬት ለመጥፋት ለተቃረቡ አእዋፍ መጠለያ ሆኗል።

በስፋቱ ከሁሉ የሚልቀው ግን የአሜሪካ አህጉር ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1492 በኋላ አውሮፓውያን ይዘውት በመጡት በሽታ፣ በጦርነትና በባርነት ሳቢያ በአንድ መቶ ዓመት ውስጥ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ነባር ሕዝብ አለቀ። ባለቤት ያጡት ማሳዎች ደን ለበሱ። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት እንደሚለው፣ ይህ ደን ከአየር የሳበው ካርቦን በዚያ ዘመን ለታየው የካርቦን ዳይኦክሳይድ መቀነስ ድርሻ ነበረው። ሰው ሲያልቅ የዓለም አየር ራሱ ሊለወጥ እንደሚችል ከዚህ በላይ የሚያሳይ ታሪክ የለም። የሚያሳዝነውም ይኸው ነው፤ «ተፈጥሮ አገገመች» ከሚለው ዓረፍተ ነገር ሥር የሚሊዮኖች መቃብር አለ።

እነዚህን ምሳሌዎች ወደ እኛ ደጋ ስናመጣ አንድ ልዩነት መያዝ አለበት። ቼርኖቤል ዙሪያውን ደን ነበረው፤ አሜሪካም የዱር ዘር የሞላበት አህጉር ነበር። የሰሜን ሸዋ ደጋ ግን ለብዙ ሺህ ዓመታት የታረሰ አገር ነው። ሰው ሲሄድ የሚመለሰው ነገር ከየት ይመጣል? ዋናው ጥያቄ ይህ ነው።

ደጋው ሕዝብ ሲሳሳበት

ከመንዝ በስተ ሰሜን፣ በደቡብ ወሎ፣ የሐይቅና የሐርዲቦ ሐይቆች አሉ። ተመራማሪዎች ከሐይቆቹ ሥር ደለል በቱቦ አውጥተው መረመሩ። በየዘመኑ ነፋስ ያመጣው የአበባ ብናኝና የቃጠሎ ከሰል ደለሉ ውስጥ ተደራርቦ ስለሚቀመጥ፣ የትኛው ዛፍ መቼ በዛ፣ መቼ ጠፋ የሚለው ንብር በንብር ይነበባል። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመው ውጤት እንዲህ ይላል፦ ከክርስቶስ ልደት በፊት 500 ዓመት ገደማ የዝግባና የጥድ ደን ጠፍቶ ክትክታና ሣር ተተካ፤ ይህም 1,800 ዓመት ያህል ቆየ። ከዚያም እ.ኤ.አ. ከ1400 እስከ 1700 ባለው ጊዜ ጥድ ከወይራ ጋር ተመልሶ ተስፋፋ። ተመራማሪዎቹ ምክንያቱ ምናልባት የሕዝብ መመናመንና የአየር መድረቅ ነው ይላሉ። ላለፉት 300 ዓመታት ደግሞ ደኑ እንደገና ተመነጠረ፤ የአፈር መታጠቡም በረታ።

ጥድ የተመለሰበት ዘመን የኢትዮጵያ ደጋ ብዙ መከራ ያየበት ዘመን ነው። በ16ኛው መቶ ዘመን የኢማም አሕመድ ጦርነት ሸዋንና ወሎን አዳረሰ፤ ቀጥሎም ታላላቅ የሕዝብ እንቅስቃሴዎች መጡ፤ ሰፋሪው ተፈናቀለ፣ ተቀያየረ። ከመንዝ አፋፍ ቁልቁል፣ በይፋት በኩል፣ የዚያ ዘመንና የቀደመው ዘመን ምስክር ዛሬም ቆሟል። ኖራና አስባሪ የተባሉት የይፋት ሙስሊም ከተሞች ፍርስራሾች ቁጥቋጦ ውጧቸው ይገኛሉ፤ የፈረንሳይ አርኪዮሎጂስቶችም በ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጥንተዋቸዋል። በእንጨትና በጭቃ የተሠራው ቤት ሁሉ ሲጠፋ የመስጊዶቹ የድንጋይ ግንብ ቀርቷል። ሰው ከጠፋ በኋላ ከደጋው ሥልጣኔ ረጅም ዕድሜ የሚኖረው ምን እንደሆነ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም፤ ድንጋይ ነው።

የመንዝ የራሱ ታሪክም የሚጀምረው በዳግም ሰፈራ ነው። በ17ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የሸዋ ነገሥታት አባት የሆኑት ነጋሲ ክርስቶስ የተነሡት ከዚሁ አገር ነው፤ ማማ፣ ላሎና ጌራ የተባሉት የመንዝ ሦስት ክፍሎችም ከዚያ ዘመን የአቅኚዎች ትውፊት ጋር ተያይዘው ይነሣሉ። ሐይቁ ሥር የተቀበረው ብናኝና የአባቶች ትውፊት የሚናገሩት ይገጣጠማል፦ ሰው ሳሳ፣ ዛፍ መጣ፤ ሰው ተመለሰ፣ ዛፍ ሄደ።

የቅርቡና የመረረው ትምህርት ግን ክፉ ቀን ነው። እ.ኤ.አ. በ1887 በምፅዋ በኩል የገባው የከብት ወረርሽኝ፣ ሕዝቡ ደስታ የሚለው በሽታ፣ የአገሪቱን ከብት ዘጠና በመቶ ያህል እንደፈጀ ይገመታል። ከ1880 እስከ 1885 ዓ.ም. በዘለቀው ረሃብም ከሕዝቡ ሲሶው አለቀ የሚል ግምት አለ። አራሽ ከበሬው ጋር ሄደ። የዘመኑ ጸሐፊዎች ጅብ፣ ነብርና አንበሳ ሰው መድፈራቸውን፣ አቅም ያጣውን ከየመንገዱና ከየቤቱ መንጠቃቸውን መዝግበዋል። አፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት በመቆፈር ሕዝቡ ያለ በሬ እንዲያርስ አርአያ ሆኑ።

ክፉ ቀን ከሰው ሁሉ መጥፋት ይልቅ «አብዛኛው ቢጠፋ» ለሚለው ጥያቄ ይቀርባል። የተረፈው ሰው ነፃ የሆነ ሰፊ መሬት አላገኘም፤ የሚያርስበት ጉልበት አጣ፣ ዘሩን በላ፣ አውሬ ከበበው። በአንድ ማኅበረሰብ ውስጥ አራሹ፣ በሬው፣ አንጥረኛው፣ ሸማኔውና ካህኑ ተያይዘው ነው የሚኖሩት። ከመካከላቸው ብዙው ሲነቀል የቀረው በቁጥሩ ልክ አይኖርም፤ ከቁጥሩ በታች ይወድቃል። ስለዚህ «ጥቂት ሰዎች በሰፊ ምድር ተደላድለው ይኖራሉ» የሚለው ምኞት የደጋው ታሪክ የማይደግፈው ነው።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት

እንግዲህ ዛሬ ሰው ከእነዚሁ ምድሮች ከተሞች፣ ከመሐል ሜዳ፣ ከሞላሌ፣ ከራቤልና ከዓለም ከተማ ቢጠፋ ምን ይሆናል? በመጀመሪያው ክረምት ለውጡን የሚያመጣው የቤት እንስሳው ነው። በዓለም ላይ ካሉት አጥቢ እንስሳት ጠቅላላ ክብደት 60 በመቶው የቤት እንስሳ፣ 36 በመቶው ሰው፣ የዱር አራዊት ደግሞ 4 በመቶው ብቻ እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ስሌት አሳይቷል። ሰው ሲጠፋ እንግዲህ ዓለምን የሚወርሰው በመጀመሪያ የዱር አራዊት አይደለም፤ ባለቤት ያጣ በግ፣ ፍየል፣ ከብትና አህያ ነው።

የመንዝ በግ ብርዱን የለመደ ነው፤ ደጋው ዝተትና ባና የሚሠራው ከጠጉሩ ነው። ማታ ወደ በረት የሚያስገባው፣ ሌሊት የሚጠብቀው እረኛ ሲጠፋ ግን ለጅብና ለነብር ክፍት ይሆናል። የመጀመሪያው ዓመት የጅብ ፋሲካ ነው። ሆኖም የጅብ ደስታ አይዘልቅም። ግደይ ይርጋና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት በትግራይ የጅብን ዓይነ ምድር መርምረው አንድ የሚያስገርም ነገር አግኝተዋል፦ በዐቢይ ጾም ሥጋ ቤቱ ሲዘጋ፣ ከየደጁ የሚጣለው አጥንትና ጥራጊ ሲቀንስ፣ ጅቡ ወደ አህያ አደን ይዞራል፤ ጾሙ ሲፈታ ወደ ጥራጊው ይመለሳል። የደጋው ጅብ በሰው የቀን መቁጠሪያ የሚኖር እንስሳ ነው። ሰው ሲጠፋ ጾሙ የማይፈታ ይሆንበታል፤ የሚያድነው ትልቅ የዱር እንስሳ ደጋው ላይ የለምና። አሞራውም እንዲሁ ነው፤ ከቄራና ከየሠርግ ቤቱ የሚያነሣው ነገር ያጣል።

ውሻ ሌላው አስጊ ነው። በደጋው ከፍታ የሚኖረውን ቀይ ቀበሮ በታሪኩ ከመታው በሽታ ዋነኛው ከቤት ውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ በባሌ ተራሮች እ.ኤ.አ. በ1991፣ በ1992 እና በ2003 የተከሰቱት ወረርሽኞች መንጋዎችን ጠራርገው ወስደዋል። ሰው ሲጠፋ የሚራበው ውሻ ወደ ከፍታው ወጥቶ አይጥ ፍለጋ ከቀበሮው ጋር ይገናኛል፤ ክትባቱ ደግሞ ቆሟል። ስለዚህ ብዙዎች «ሰው ቢሄድ ይድናል» የሚሉት ይህ ብርቅዬ እንስሳ፣ በመላው ዓለም ከ500 በታች የቀረው፣ ለአደጋ ከሁሉ ይበልጥ የሚጋለጠው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዓመታት ነው። ከእነዚያ ዓመታት ካለፈ ግን እፎይታ ያገኛል።

ማሳውም በፍጥነት ይለወጣል። የመንዝ ቤት ግድግዳ ድንጋይ ነው፤ ጣሪያው ሣር ወይም ቆርቆሮ ነው። የሣር ክዳን በየጊዜው ካልታደሰ ያፈስሳል፤ ውኃ ከገባ ጭቃው ይለቃል፣ ማገሩ ይበሰብሳል፤ ግድግዳው ግን ካቡ እንዳለ ይቀራል። እርከኑ ለክረምት ውኃ ይጋለጣል። ያለ ጠጋኝ የቀረ እርከን በአንድ ቦታ ሲሸረፍ ውኃው በዚያ ይሰበሰብና ከታች ያለውን ይዞ ይወርዳል፤ ስለዚህ በገደላማው መሬት የአፈሩ መታጠብ ከመቀነሱ በፊት ለጥቂት ዓመታት ሊብስ ይችላል። ሣርና ቁጥቋጦ ሥር ሲሰድ ግን ይገታል።

የሚመለሰውና የማይመለሰው

ጥድ፣ ወይራና ኮሶ ይመለሳሉ። የሚመለሱት ግን ዘር ካለበት ቦታ ነው፤ ያ ቦታ ደግሞ በአብዛኛው የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ነው። እነ ዶክተር ደምል ተከታይ በደጋው አፈር ላይ ያደረጉት ጥናት እንዳሳየው፣ ለረጅም ጊዜ በታረሰ መሬት ሥር የሣርና የአረም ዘር እንጂ የዛፍ ዘር ተቀብሮ የሚቆይበት ዕድል ጠባብ ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ደግሞ በደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች ውስጥ ችግኝ እንዳያድግ የሚያደርገው ከብት መሆኑን በጥናት አሳይተው፣ በድንጋይ ካብ ማጠሩን ከካህናቱ ጋር አስጀምረዋል። ሰው ቢጠፋ ከብቱ እስኪቀንስ ድረስ ደኑ ይጠብቃል፤ ከዚያ ወፍና ነፋስ ዘሩን ከቅጥሩ አውጥተው ወደ ማሳው ያደርሱታል። ዛሬ «ለእግዚአብሔር ቤት» ተብሎ የተከለለው ጥቂት ዛፍ ነገ የአገሩ ሁሉ ዘር አባት ይሆናል ማለት ነው።

ባሕር ዛፍስ? ደጋውን የሸፈነው ይህ የአውስትራሊያ ዛፍ በአፄ ምኒልክ ዘመን የገባ ነው፤ ከተቆረጠም ያቆጠቁጣል። ሆኖም ፈይራ ሰንበታና ደምል ተከታይ በሙነሳ ሻሸመኔ ባደረጉት ጥናት፣ ከውጭ በመጡ ዛፎች ጥላ ሥር አገር በቀል ችግኞች በቅለው ተገኝተዋል። ባሕር ዛፉ ለመቶ ዓመት ያህል ሊነግሥ ይችላል፤ ከሥሩ ግን ወራሹ እያደገ ነው።

በሸለቆዎቹ ውስጥ ትርፉ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። መርሐቤቴን የሚያካልሉት ጀማና ወንጭት፣ ወደ ዓባይ የሚወርዱት ገደሎች፣ በዓለም ላይ በሌላ ቦታ የማይገኝ የቆቅ ዝርያ አላቸው፤ ወንዝ ዳር ባለ ቁጥቋጦ የሚኖር ነው። ቁጥቋጦው ለማገዶና ለእርሻ በተመነጠረ ቁጥር ይህ ቆቅ ቦታ ያጣል። ሰው ሲጠፋ በቅድሚያ ከሚጠቀሙት አንዱ እርሱ ነው።

የማይመለሰው አፈር ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ በሰሜን ሸዋ አንዲት ጥድ ላይ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ተቋቁሞ ውኃው በየክረምቱ የሚወስደውን አፈር ሲለካ ቆይቷል። ምርምሩን የመሩት ስዊዘርላንዳዊው ሃንስ ሁርኒ በአገር ደረጃ ከታረሰ መሬት በዓመት በሄክታር በአማካይ 42 ቶን አፈር እንደሚታጠብ ገምተዋል፤ አለቱ እየተሰባበረ አዲስ አፈር የሚሆነው ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። የሃምሳ ዓመት ኪሳራ በሃምሳ ዓመት አይመለስም። ድንጋዩ ተገልጦ በቀረበት ሸንተረር ላይ ደን ይበቅላል ብሎ ማሰብ የደጋውን ገደል ያላየ ሰው ግምት ነው።

ሌላው የማይመለሰው ሙቀት ነው። የሰው ፋብሪካ ዛሬ ቢዘጋ እንኳ እስከ ዛሬ የተለቀቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከፊሉ ለመቶዎችና ለሺህ ዓመታት አየር ውስጥ ይቆያል። ደጋ ላይ የአንድ ዲግሪ ሙቀት ትርጉም ቀላል ስሌት ነው፤ የአየር ሁኔታው በ150 ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል። የውርጭ አገር እንስሳ ሽቅብ ይከተለዋል፤ ጓሳ የተባለው የመንዝ ከፍታ ግን 3,700 ሜትር አካባቢ ያበቃል። ሰው ቢጠፋም ሥራው እንስሳውን እየተከተለ ተራራ ላይ ይወጣል።

በዚህ ላይ አንድ የተለመደ እምነትን የሚያናጋ ማስረጃ መጨመር ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲጓዝ ፎቶግራፍ አንሺዎች ይዞ ነበር። ቤልጂየማዊው ያን ኒሰንና ባልደረቦቹ ከ140 ዓመት በኋላ እነዚያኑ ቦታዎች ፈልገው እንደገና አነሡ። ሕዝቡ በብዙ እጥፍ ጨምሯል፤ የሚጠበቀው ምድሩ ተራቁቶ መገኘቱ ነበር። በአብዛኛው የታየው ግን ዛሬ ዛፉም የአፈር ጥበቃውም ከያኔው የተሻለ መሆኑ ነው፤ በተለይ ገበሬው ካብ በሠራበትና ቦታ በከለለበት። ሰው መብዛቱ ብቻውን ጥፋት አያመጣም፤ መሳሳቱም ብቻውን በረከት አይሆንም። የሚወስነው ሰው ያለበት ሥርዓት ነው።

ከሰው ጋር የሚጠፋው

ስለ ሰው አልባ ዓለም የሚጻፉ ጽሑፎች በብዛት የሚዘነጉት አንድ ነገር አለ፤ ያም ሰውና ተፈጥሮ አብረው ያበጁት ሀብት ነው። የመንዝ ገብስ ማሳ ላይ ብንቆም ይህ በዓይን ይታያል። የዱር ሣር ሲደርስ ዘሩን ራሱ ያራግፋል፤ ገብስ ግን ፍሬውን ዛላው ላይ አጥብቆ ይይዛል፤ ሰው አጭዶ፣ ወቅቶ፣ አበራይቶ መልሶ ካልዘራው በቀር መራባት አይችልም። መሐል መሐሉ የሚበቅለው ሲናር አረም ነው፤ ገበሬው ሲያጭድ አብሮ ያጭደዋል፤ እርሱም ከሰው ጋር መኖርን ተምሯል። ሰው በጠፋ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ማሳውን ዘሩን የሚያራግፈው የዱር ሲናር ይወርሰዋል፤ ገብሱ ግን ያልቃል።

ይህ ደግሞ ትንሽ ኪሳራ አይደለም። የኢትዮጵያ ገበሬ በየቀበሌው ለውርጭ፣ ለድርቅ፣ ለበሽታ የሚሆን የገብስ ዓይነት ለሺህ ዓመታት ሲመርጥ ኖሯል። የካሊፎርኒያ ገብስ ከሚያቀጭጨው የቫይረስ በሽታ የተረፈው ከኢትዮጵያ ገብስ በተገኘ ዘረ መል ነው። ሳይንቲስቱ ዶክተር መላኩ ወረደ እ.ኤ.አ. በ1976 በተቋቋመው የአዲስ አበባ የዘር ባንክ ሥራቸው፣ በተለይ በድርቁ ዘመን ዘር ከየገበሬው ቤት እየሰበሰቡ በማትረፋቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። እርሳቸው አጥብቀው የተከራከሩት ዘር ባንክ ውስጥ ብቻ ተቀምጦ እንደማይኖር፣ ገበሬው እጅ ላይ እየተዘራ መቀጠል እንዳለበት ነው። ሰው ቢጠፋ የባንኩ ማቀዝቀዣ ከመብራቱ ጋር ይቆማል፤ የገበሬው ጎተራ ለአይጥ ይሆናል። የሺህ ዓመታት እውቀት በአሥር ዓመት ይጠፋል።

ግድቦችም እንዲሁ ባለቤት ይፈልጋሉ። የአባ ሳሙኤል ግድብ ሥራ አቁሞ ለአሥርት ዓመታት ሲቀር ደለልና እንቦጭ እንደወረሰው አዲስ አበባ አይታለች። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ 145 ሜትር ከፍታና 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የመያዝ አቅም ያለው ነው፤ በር የሌለው የጎርፍ ማስተንፈሻ ስላለው ውኃው ሲሞላ ሰው ባይኖርም ይፈስሳል። ዕድሜው የሚወሰነው ግን ከጀማ፣ ከወንጭትና ከመሰሎቻቸው በሚወርደው ደለል ነው። የመንዝ አፈር በሄደበት ሁሉ ተጠያቂነቱ አብሮት ይሄዳል።

ጓሳ፦ በውሳኔ መራቅ

እስካሁን ያየነው ሰው ሳይወድ ሲጠፋ የሚሆነውን ነው። መንዝ ሌላም ነገር ያሳያል፤ ሰው ወዶና ተስማምቶ ሲርቅ የሚሆነውን።

ጓሳ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ የውርጭ አገር ነው፤ ጅብራ፣ አስታ፣ አምጃና ስሙን የሰጠው የጓሳ ሣር ያለበት። ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ዝናብ ለሚመክት ጌሳ የሚሆን ነው። ትውፊቱ እንደሚለው ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ አቅኚዎቹ አስቦና ጌራ፣ ከእነርሱም በኋላ ልጆቻቸው፣ ይህን መሬት ቄሮ በተባለ ሥርዓት በጋራ ያዙት። አባ ቄራ ወይም አፈሮ የሚባል ኃላፊ ተመርጦ ጓሳውን ይዘጋል። ሲዘጋ ሣር ማጨድም፣ ከብት ማሰማራትም፣ እንጨት መልቀምም ክልክል ነው። መዝጊያው አንዳንዴ ሦስት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ይዘልቅ ነበር። ሣሩ በቂ ሆኖ ሲገኝ በበጋው ይከፈታል፤ መጀመሪያ ሰው ሣሩን ያጭዳል፣ ቀጥሎ ከብት ይገባል፤ ክረምቱ ሲገባ እንደገና ይዘጋል። የጣሰ ሰው ላይ ብርቱ ቅጣት ነበር።

ይህን ሥርዓት በጥልቀት ያጠኑት ዶክተር ዘላለም ተፈራ ናቸው። ከሥራቸው የሚወጣው ታላቅ ትምህርት እንዲህ ነው፦ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የመሬት አዋጅ የርስቱን ሥርዓት ሲያፈርስ ቄሮም ሥልጣኑን አጣ። ሕዝቡ እዚያው ነበር፤ ሣሩም እዚያው ነበር፤ የጠፋው ደንቡ ብቻ ነው። ጓሳ ግን ተጎዳ፤ ሣር ያለ ጊዜው ታጨደ፣ ግጦሹ በዛ። በኋላ የአካባቢው ቀበሌዎች ኮሚቴ አቋቁመው ጥበቃውን በአዲስ መልክ መለሱት፤ የክልሉ መንግሥትም የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ አድርጎ እውቅና ሰጠው። ሰው ሳይጠፋ ደንብ ሲጠፋ ምድሩ ተጎዳ፤ ሰው ሳይጠፋ ደንቡ ሲመለስ ምድሩ አገገመ። ለዳሰሳችን ጥያቄ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ማስረጃ አላገኘሁም።

ጓሳ የተጠበቀለትን ሕይወት በቅርብ ማየት ይገባል። ጭላዳ ዝንጀሮዎች በመቶዎች ሆነው ሜዳው ላይ ተቀምጠው በጣታቸው ሣር ሲነጩ ይውላሉ። በመካከላቸው አንዲት ቀይ ቀበሮ ቀስ ብላ ትራመዳለች፤ ዝንጀሮዎቹ አይሸሿትም፣ እርሷም ጨቅላዎቻቸውን አትነካም። ዓይኗ አይጥ ላይ ነው። ቪቬክ ቬንካታራማንና ባልደረቦቹ እዚያው ጓሳ ላይ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ውጤት፣ ቀበሮ ከጭላዳ መንጋ መካከል ስታድን ከመቶ 67 ጊዜ ይሳካላታል፤ ብቻዋን ስትሆን 25 ጊዜ ብቻ። ሁለት ብርቅዬ እንስሳት፣ ሁለቱም በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኙ፣ እንዲህ የተላመዱበት ሜዳ የተረፈው ገበሬዎች ሣሩን ለጣሪያቸው ስለፈለጉትና ስለጠበቁት ነው።

ሰው ጨርሶ ቢጠፋ ይህ ሜዳ እንዲሁ ይቀጥላል? እርግጠኛ መሆን አይቻልም። በባሌ የተደረጉ ጥናቶች አስታ በእሳትና በግጦሽ ልክ እንደሚሰፋና እንደሚጠብ አሳይተዋል። ግጦሹና ማጨዱ ሲቀር አስታው ከታች ወደ ላይ እየገፋ፣ ሙቀቱም እያገዘው፣ ቀበሮና ጭላዳ የሚፈልጉትን ክፍት ሣር ሊያጠብ ይችላል። ሰው የሌለበት ጓሳ ደን የበዛበት ጓሳ ሊሆን ይችላል፤ ያ ማለት ግን ቀበሮ የበዛበት ጓሳ ማለት ላይሆን ይችላል።

ከዳሰሳው የሚወጣው

የተሰበሰበው ማስረጃ በሦስት ይከፈላል። የመጀመሪያው የሚመለሰው ነው፦ ጥድ፣ ወይራ፣ የሸለቆው ቆቅ፣ ከመጀመሪያዎቹ አስጊ ዓመታት በኋላም አራዊቱ። ሁለተኛው የማይመለሰው ነው፦ የታጠበው አፈርና የተለቀቀው ሙቀት፤ እነዚህ የሰውን መሄድ አይጠብቁም፣ አይሰሙምም። ሦስተኛው ከሰው ጋር የሚጠፋው ነው፦ ገብሱ፣ በጉ፣ ዘሩን የሚመርጠው እጅ፣ ጓሳን የሚዘጋው ስምምነት።

ሕዝብን ከአንድ ቦታ ማንሣት ብቻውን መድኃኒት እንዳልሆነም በዓይናችን አይተናል። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሰው ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ተጓጓዘ። ብዙ ሰው በመንገድና በሰፈራው ሞተ፤ በደረሰበትም ደን ተመነጠረ። ሸክሙ ቦታ ለወጠ እንጂ አልቀረም።

ስለዚህ «ሰው ቢጠፋ ምድር ትድናለች» የሚለው አባባል በእኛ ደጋ ላይ ሲፈተን ጎዶሎ ሆኖ ይገኛል፤ በሌላ ሰው ሞት ላይ የተመሠረተ ተስፋ በመሆኑም ሊያጽናናን አይገባም። ቄሮ የሚያስተምረው ሌላ መንገድ አለ። ሰው ከምድሩ ሁሉ ለዘላለም መጥፋት አያስፈልገውም፤ ከአንዱ ክፍል ለተወሰነ ጊዜ፣ በስምምነትና በደንብ መራቅ ይበቃዋል። ይህ ደግሞ ልብ ወለድ አይደለም፤ መንዝ ለሦስት መቶ ዓመት ያህል ሠርቶበታል።

ከዚህ የሚከተለው ሥራ ግልጽ ነው። የጓሳ ጥበቃ ኮሚቴዎች የመዝጋትና የመክፈት ሥልጣናቸው ከላይ በሚመጣ ትእዛዝ ሳይሸራረፍ ሊከበርላቸው ይገባል። በጓሳ ዙሪያ ያሉ ውሾች በየዓመቱ መከተብ አለባቸው። በመንዝ፣ በጊሼና በመርሐቤቴ ያሉ የቤተ ክርስቲያን ደኖች ቅጥራቸው በድንጋይ ካብ ይታጠር። የገብስ ዘር ከባንክ ወደ ገበሬው፣ ከገበሬውም ወደ ባንክ ይመላለስ። እያንዳንዱ ቀበሌም ከገደላማው መሬቱ የተወሰነውን ለጥቂት ዓመታት ዘግቶ ያቆይ፤ መቼና እንዴት እንደሚዘጋ የሚያውቅ ሽማግሌ ዛሬም አለ፤ እርሱ በሕይወት ሳለ ይጠየቅ።